የእህቴ ሉፕና አምስት ቀን በመርካቶ

እሁድ፣ ከቡታጅራ

የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና አርሜ ውጤት ባስረከብኩ ማግስት፣ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቡታጅራ መናኸሪያ ተነሳሁ። መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሰአዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። በመጀመሪያው የወር አበባዋ ከመጠን በላይ እንደበዛ ነገረችኝ። በሁለተኛው ሱቋ ውስጥ ቆማ ሳለ ዓይኗ ጨልሞባት ካርቶን ላይ መውደቋን ነገረችኝ። በሦስተኛው ባሏ ሉፑን አስወጪው እያለ መሆኑን፣ እሷም ልታስወጣው እንደወሰነች፣ ከዚያ በፊት ግን እኔ እንድመጣ እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

ሉፕ የምንለው ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይበልጥ ፕላስቲክ ሆኖ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሰአዳ ያስገባችው ከአራት ወር በፊት ነው። ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ግፊቷ ወጥቶ፣ ፊቷና እግሯ አብጦ፣ በስምንተኛ ወሯ በኦፕራሲዮን ነበር የተገላገለችው። ሐኪሙ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዳታረግዝ አጥብቆ አስጠንቅቋታል። የእርግዝና መከላከያ መርፌውን ከመጀመሪያዋ ልጅ በኋላ ሞክራው ራስ ምታቱ ስላልለቀቃት ዳግመኛ አልፈለገችውም። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሉፕ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ያን ጊዜ በስልክ «አስገቢውና እርሺው፤ ምንም የለውም» አልኳት። ያስገባችው በእኔ ቃል ነው።

ሚኒባሱ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር አስከፈለን። ከእግሬ ሥር በኮባ የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ከረጢት በርበሬ አስቀምጫለሁ። ዘቢዳር ተራራ በስተግራችን ጉም ለብሶ ቆይቶ፣ ኬላን ስናልፍ ጫፉ ተገለጠ። ማሳው ታጭዶ ባዶ ነው፤ ከብቶች ቃርሚያውን ይለቅማሉ። ቡኢ ላይ አሥር ደቂቃ ቆመን ሻይ ጠጣን። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ልጇን ልትጠይቅ ጀሞ የምትሄድ ነበረች። የእኔን መንገድ ስትጠይቀኝ፣ እህቴ ትንሽ አሟት ነው አልኳት። ምን እንዳመማት ግን አልነገርኳትም፤ እሷም አልገፋችበትም።

ጢያን አልፈን ወደ መልካ አዋሽ ስንወርድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሒሳብ መምህርት ስለሆንኩ ነገሮችን በቁጥር አስታውሳለሁ። እኔም ሉፑን ባስገባሁባቸው በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ትምህርት ቤት የምሄደው በጥቁር ቀሚስ ብቻ ነበር። በዚያ በሦስተኛው ወር ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ፣ ተማሪዎቹን መልመጃ ሠርታችሁ ጠብቁኝ ብዬ ወጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ አሥር ዓመት በሰላም አለፈ፤ አንድም ቀን እርግዝና አላሰጋኝም። ያ አሥር ዓመት አራቱን ወር ከአእምሮዬ ጠርጎ አውጥቶት ነበር። ለእህቴ የነገርኳት ስለ አሥሩ ዓመት ነው። አራቱን ወር አልነገርኳትም።

ከዓለም ገና ጀምሮ መንገዱ ተጨናንቆ ለመንፏቀቅ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። አየር ጤና ወርጄ፣ በጦር ኃይሎች በኩል በሁለት ታክሲ መርካቶ ደረስኩ። እሁድ ስለሆነ አብዛኛው ሱቅ ተዘግቷል። ሌላ ቀን ትከሻ ለትከሻ የሚያጋጨው መንገድ ላይ ካርቶን የሚሰበስቡ ሰዎችና ጥላ ፍለጋ የተኙ ውሾች ብቻ ነበሩ። ዕቃዬን ይዤ ያለ ግፊያ መርካቶን ሳቋርጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰአዳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ስታቅፈኝ ከወትሮዋ ቀለለችብኝ። መዳፏን ገልብጬ አየሁት፤ ነጥቷል። የአራት ዓመቷ ልጇ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች፤ ትንሿ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ባሏ ነስሩ ቆጮውን ተቀብሎኝ ወደ ውስጥ አስገባ። ምን አለሽ ተራ የሚሠራ፣ ዝምተኛና ታታሪ ሰው ነው። ሰላምታውን በሙሉ አክብሮት ሰጠኝ፤ ከዚያ ግን ቶሎ ብሎ ወጣ። እኔን የሉፑ ጠበቃ አድርጎ እንደሚያየኝ ገባኝ።

ሰኞ፣ ሰባተኛ

ሰአዳ የስፌት ዕቃ ትሸጣለች፤ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ላስቲክ፣ የልብስ ስፌት መርፌ። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፍተን አብረን ተቀመጥን። እሁድ ጸጥ ብሎ ያየሁት መንገድ ሌላ ሆኗል፤ ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» ይላል፤ መኪና ጥሩምባውን ይነፋል፤ የጅምላ ደንበኞች ከክፍለ ሀገር መጥተው በስልክ ዋጋ ያጣራሉ። ሰአዳ ለአንዱ በስልጥኛ፣ ለአንዱ በአማርኛ እየመለሰች፣ በመካከሉ ዚፕ ትለካለች።

የወር አበባዋ አራተኛ ቀን ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ከባንኮኒው ሥር ሞዴስ አንስታ ወደ ገበያው መጸዳጃ ቤት ሦስት ጊዜ ሄደች። ሱቁን ለጎረቤቷ ነጋዴ አደራ እያለች የምትሄድበትን ምክንያት ሁሉም ያወቀው ይመስላታል። ጎረቤቷም ዝም አላለችም። ሉፕ ቆይቶ ወደ ላይ ወጥቶ ልብ ላይ ይቆማል፤ ያክስቷ ልጅ ያወቀቻት አንዲት ሴት እንዲህ ሆናለች ብላ ነግራታለች። ይህን እኔም ቡታጅራ በሌላ አፍ ሰምቼዋለሁ። ታሪኩ የደረሰባት ሴት ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚያውቃት ናት።

ምሳ ፉል አስመጥተን ስንበላ፣ ሰአዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ነስሩ ባለፈው ወር፣ አብረው ሲሆኑ፣ የሚወጋው ነገር እንዳለ ነግሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ አይቀርባትም። እኔ ሳቅሁ። ወንድ ሰበብ አያጣም አልኳት። እሷም አብራኝ ፈገግ አለች፤ ግን ፈገግታዋ አልቆየም። ይህን ሳቄን እዚህ የምጽፈው በኋላ ስላፈርኩበት ነው።

ከምሳ በኋላ ነስሩን ላናግረው ወደ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። ከሩቅ የመዶሻው ድምፅ ይቀበልሃል። የዘይት በርሜል ወደ ምድጃ፣ የቆርቆሮ ጣሳ ወደ ኩራዝ፣ የመኪና ፍሬም ወደ በር የሚለወጥበት ሰፈር ነው። ነስሩ የከሰል ምድጃ ይሠራል፤ ጎን ለጎን ደግሞ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕና ዲናሞ ገዝቶ ይፈታል፤ መዳቡን ከአሉሚኒየሙ ለይቶ ይሸጣል። ስደርስ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ባለሦስት እግር ዱካ አቀረበልኝ።

እኔ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ሐኪሙ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ግፊቷ። እሱ ግን አስቀድሞ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጥቅል ሽቦ አነሳ። ዝናብ ላይ ተረስቶ የከረመ መዳብ ነው፤ በላዩ ላይ አረንጓዴ ነገር እንደ ሻጋታ ተጋግሮበታል። በአውራ ጣቱ ሲፍቀው ጣቱ አረንጓዴ ሆነ።

«እትዬ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት» አለኝ። «እኔ መዳብ ነው የማውቀው። እርጥበት ካገኘ እንዲህ ይሆናል። የሰው ሆድ ደግሞ እርጥብ ነው። አሥር ዓመት እዚያ ሲቀመጥ ምን ይሆናል?»

አሥራ አንድ ዓመት ሰውነቴ ውስጥ የነበረው ነገር ምን ሆኖ እንደወጣ ጠይቄ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኩት። እሱም እኔን አጥፍተዋል አላለኝም። ልጅ ለማብዛት ብሎ እንዳልሆነ፣ ሁለተኛዋ ስትወለድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ ያየውን እንደማይረሳ ተናገረ። «እኔ እሷን ነው የምፈልገው» አለ ሽቦውን ወደ ቦታው እየመለሰ። «ከዚያኛው አትርፌ በዚህኛው እንዳልነጠቃት ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር ተስማማን። ማክሰኞ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ እሱ ጥያቄውን ራሱ ለባለሙያዋ ያቀርባል፤ ይውጣ አይውጣ የሚለውን ሰአዳ ትወስናለች። የመጨረሻውን ስናገር ትንሽ አመነታና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ማክሰኞ፣ ጤና ጣቢያ

ጤና ጣቢያው ከሱቋ የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ትንሿን አዝዬ እኔ ከኋላ፣ ሰአዳና ነስሩ ከፊት ሆነን ደረስን፤ ትልቋን ጎረቤት ጋ ትተናታል። ካርድ አውጥተን የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል በር ላይ ተራ ያዝን። ከእኛ በፊት አምስት ሴቶች ነበሩ። ወንድ ነስሩ ብቻ ነው፤ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የክትባት ሠንጠረዥ ላይ አላነሳም።

ተራችን ሲደርስ ሰአዳ እኔን ይዛ ገባች። ባለሙያዋ ሲስተር አልማዝ ትባላለች፤ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች፣ ቸኩላ የማትናገር ሴት ናት። መቼ እንዳስገባች፣ ስንት ቀን እንደሚፈስ፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደምትለውጥ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ እንዳለ ጠየቀቻት። ሰአዳ መለሰች። ክሩን ትዳስሺዋለሽ ወይ አለቻት፤ ሉፑ ጫፉ ላይ ቀጭን ክር አለው፣ ሴትየዋ በየወሩ በጣቷ እንድታረጋግጥ ይመከራል። ሰአዳ ፈርታ ሞክራው እንደማታውቅ ተናገረች። ቀጥላ ባለቤትሽ የሚሰማው ነገር አለ ወይ ስትላት፣ ሰአዳ ዞራ እኔን አየችኝ። ትናንት ስስቅ ያየችውን ፊቴን እየፈለገች እንደሆነ ገባኝና አንገቴን ደፋሁ።

«ይወጋኛል ይላል» አለች።

ሲስተር አልማዝ ብዕሯን አስቀመጠች። «መቼ ጀመረው?»

«ባለፈው ወር።»

«ይህን ያለው ሰው ብልህ ነው» አለችና መጋረጃውን ከፈተች። «ነይ፣ አልጋው ላይ ውጪ።»

ምርመራው ረጅም አልነበረም። ከመጋረጃው ጀርባ የሲስተር አልማዝ ድምፅ ተሰማኝ፤ ሉፑ ከቦታው ወርዷል፣ የታችኛው የፕላስቲክ ጫፍ ከማህፀን አፍ ብቅ ብሎ ይታያል አለች። ሰአዳን አስነስታ አስቀመጠቻትና ለሁለታችንም አስረዳችን። ማህፀን ጡንቻ ነው፤ አንዳንዴ የገባበትን ነገር ገፍቶ ያወጣል። ይህ ጥቂት ሴቶች ላይ ይደርሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ነስሩን የወጋው ያ ጫፍ ነው። ቁርጠቱም የባሰው ማህፀኑ እየገፋው ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የሚቀጥለውን በጥንቃቄ ተናገረች። ሉፕ ካሉት መከላከያዎች ሁሉ ከሚታመኑት አንዱ ነው፤ ከመቶ ሴት አንዷ እንኳ በዓመት ውስጥ አታረግዝም የሚባለው ግን ቦታው ላይ ሲቀመጥ ነው። ከወረደ መቼ እንደወረደ ስለማናውቅ፣ ሳናወጣው በፊት እርግዝና አለመኖሩን ማየት አለብን። የደም መጠኗንም እንለካ። ለላቦራቶሪ ወረቀት ጽፋ ሰጠችን።

ናሙና ሰጥተን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደማይቆይ ተነግሮናል። ሰአዳ ለነስሩ የተባለውን ሁሉ ነገረችው። ነግሬሽ ነበር አላላትም። ትንሿን ከጀርባዬ ተቀብሎ ወደ ግቢው ወጣና ዛፍ ሥር ቆመ። ከመስኮቱ አየዋለሁ፤ ልጅቷን እያወዛወዘ ያንኑ ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ደም እያየች እርግዝናን ለምን ትፈራለች ይባል ይሆናል። እኔም እንዲህ ብዬ ላጽናናት ሞክሬ ነበር። እሷ ግን ያን ስምንተኛ ወር ነበር የምታስበው፤ ዓይኗ ደብዝዞ ባሏን መለየት ያቃታትን ቀን። እጇን ያዝኩ። በመንገድ ላይ ትዝ ያለኝን ያን ጊዜ ነገርኳት፤ ጥቁር ቀሚሱን፣ ከክፍል የወጣሁበትን ቀን፣ አራቱን ወር።

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ረስቼው ነበር» አልኩ። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውንም ጨመርኩ፦ «ፈርተሽ እንዳትተዪው ብዬም ይሆናል።»

«ፈርቼ ብተወው የራሴ ፍርሃት ይሆን ነበር» አለች። «እኔ እኮ ደሙ ሲበዛ ሰውነቴ የተለየ መስሎኝ ነው። አንቺን ምንም አላደረገሽ፤ እኔን ለብቻዬ የሚገድለኝ መስሎኝ ነው።»

በቁጣ አልተናገረችውም። ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ስሟ ተጠርቶ ገባን። እርግዝና የለም። የደሟ መጠን ግን አንሷል፤ የሚያዞራት እሱ ነው። ሰአዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ቀና ስትል ዓይኗ ርሶ ነበር፤ ሲስተር አልማዝ ግን ያላየች መስላ ጓንቷን አጠለቀች። ሉፑን ለማውጣት ከአንድ ደቂቃ በላይ አልወሰደም። ሰአዳ አንድ ጊዜ «ውይ» አለች፤ በቃ።

ሰአዳ ለብሳ ስትቀመጥ ነስሩን አስጠራነው። ሲስተር አልማዝ ሉፑን በብረት ሣህን ላይ አድርጋ አቀረበችለት። በላዩ ጎንበስ አለ። ምን አለሽ ተራ ላይ ሽቦ ሲመረምር እንዳየሁት ዓይኑን አጥብቦ ከግራ ወደ ቀኝ አየው። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ራሱ እንደ መስቀለኛ የተዘረጋ፤ ሽቦው አዲስ መዳብ እንደሚያበራው አያበራም፤ ጠቁሯል።

«አረንጓዴ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ግን ጠቁሯል። እየተበላ ነው ማለት ነው?»

ሲስተር አልማዝ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ወንድ ብዙ እንዳልሆነ ከአኳኋኗ ያስታውቃል። አዎ፣ ጥቂት ጥቂት ይሟሟል አለችው፤ የሚሠራውም ስለሚሟሟ ነው። የሚወጣው መዳብ የወንዱን ዘር ያዳክመዋል፤ እንቁላሉ ጋ ደርሶ ጽንስ እንዳይሆን ያደርጋል። መድኃኒት ወይም ሆርሞን የለበትም፤ መዳቡ ብቻ ነው። በቀን የሚሟሟው ከምግብ ከምናገኘው መዳብ እንኳ ያነሰ ስለሆነ አይመርዝም። መዳብ የማይስማማቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነሱ ላይ አናደርግም። ወደ ልብ ይወጣል የሚባለውንም መለሰች፤ ከማህፀን ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ የለም። እጅግ አልፎ አልፎ ሲገባ የማህፀኑን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል፤ ለዚህ ነው የሠለጠነ እጅ የሚያስገባውና ከዚያ በኋላ ለቁጥጥር የሚጠራው።

«ታዲያ ደሙስ?» አለ ነስሩ።

«ደሙ እውነት ነው» አለች። «የመዳቡ ሉፕ የወር አበባን ያበዛል፣ ያረዝማል፣ ቁርጠትም ያመጣል። ብዙዎች ላይ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ይቀንሳል። የማይቀንስላቸው አሉ፤ እነሱ ያስወጡታል፤ መውለድ የምትፈልግም ባስወጣችበት ወር ማርገዝ ትችላለች።»

ነስሩ አመስግኖ፣ ሳይባል፣ ራሱ ተነስቶ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ሲስተር አልማዝ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን አነሳች፤ እሱም ለግፊቷ የማያሰጋ፣ ደምም የማያበዛ፣ ግን ወር አበባን የሚያዛባና ሆርሞን ያለው ነው። መርፌውን ሰአዳ ታውቀዋለች። አዲስ ሉፕም ዛሬውኑ ማስገባት ይቻላል፤ ሆኖም አንዴ የወጣባት ሴት ድጋሚ ሊወጣባት የሚችልበት ዕድል ከሌላዋ ከፍ ያለ ነው፤ ደም ማነሷም በአይረን ኪኒን መታከም አለበት። ሰአዳ ሲስተር አልማዝን አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጪ ነበር አለቻት። «የእኔ ሰውነት ያንቺ አይደለም» አለቻት። ሰአዳ ወደ እኔ ዞረች። አፌ ላይ የመጣ ብዙ ነበር። አላውቅም አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ሆርሞን ያለበትን አልፈልግም አለች፤ ያን ራስ ምታት ድጋሚ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ አትችለውም። «ደሙ የሚመጣ ከሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚመጣም ካወቅሁ፣ እችለዋለሁ። አዲስ አስገቢልኝ» አለች። ስትናገር ያየችው ሲስተር አልማዝን ነው፤ እኔን አልነበረም።

ስንወጣ በእጃችን የአይረን ኪኒንና ለቁርጠቱ የሚሆን ማስታገሻ ነበር። ኪኒኑን ከሻይና ከቡና አርቂው፣ ማስታገሻውን ምግብ ላይ ውሰጂው፣ ከወር በኋላ ተመለሺ ተብላለች። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ፣ ከባድ ሕመም፣ የወር አበባ መቅረት ካየች ወይም እሷም ሆነች ነስሩ ጠንካራ ነገር ከተሰማቸው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትመጣለች። ሉፕ ከኤች አይ ቪም ሆነ ከሌላ የአባላዘር በሽታ እንደማይከላከልም ነግራናለች። በዚያ ጤና ጣቢያ ለአገልግሎቱ ምንም አልከፈልንም።

ረቡዕ፣ ባንኮኒው ጀርባ

በማግስቱ ሰአዳን ቁርጠት ይዟት ቤት ዋለች። ሱቁን እኔ ከፈትኩ። የሃያ ሳንቲ ዚፕና የሃያ አምስቱን ለመለየት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንድ ልብስ ሰፊ ከሦስት ዓይነት ጥቁር ክር መካከል እንድመርጥለት ጠይቆኝ፣ ሁሉም ጥቁር ነው ስለው ከልቡ አዘነልኝ። ጎረቤቷ ነጋዴ መጥታ እህትሽ አስወጣችው ወይ አለችኝ። አንዱ ወጥቷል፣ ሌላ ገብቷል አልኳት። ለምን ብላ ስትጠይቀኝ፣ ከምርመራው ክፍል የሰማሁትን፣ ደሙንም ጭምር ነገርኳት። ስለ ልብ ያወራችውን አላነሳሁባትም። ደንበኛ እስኪጠራት ድረስ ቆማ ሰማችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘግቼ ስመለስ ነስሩ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ጉበት ገዝቶ፣ ራሱ እየጠበሰ ነበር። ሽንኩርቱን ወፍራም ወፍራም አድርጎ ከትፎታል። ሰአዳ ትራስ ተደግፋ፣ በውሃ የዋጠችውን ኪኒን እያሳየችኝ፣ ሻይ ካማራት ሁለት ሰዓት እንደሆናት ነገረችኝ።

ሐሙስ፣ ወደ ቡታጅራ

ጠዋት ነስሩ ሻንጣዬን እስከ ታክሲው ተሸከመልኝ። ራጉኤል አጠገብ ሕዝቡ አላሳልፍ ብሎን ቆም ስንል፣ ሰኞ ዕለት ስለ እሱ ስላወራነው፣ ስለ ሳቄም ይቅርታ ጠየቅሁት። ነገሩን ሰአዳ ነግራው ኖሯል።

«እኔም ስለ ዝገቱ ተሳስቼ ነበር፣ እትዬ» አለኝ። ከዚያ ሻንጣውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ መንገድ ከፈተልኝ።

መመለሻው ከመሄጃው አጠረብኝ። ጢያ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች የሚያዩ እንግዶች መንገዱን ሞልተውት ትንሽ ዘገየን፤ ኬላ ላይ ጎመን ገዛሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ገብቼ እግሬን ታጠብኩ።

ይህን ማስታወሻ የማጠቃልለው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሰአዳ በየወሩ ትደውላለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከባድ ነበሩ፤ አራተኛው ቀለል አለ፤ በዚህኛው ወር በቀን ሦስት ሞዴስ በቂዋ ሆኗል። ለቁጥጥር ሄዳ ሉፑ ቦታው ላይ እንደሆነ ተነግሯታል፤ ክሩንም አሁን ራሷ ትፈትሻለች። ደሟ ተመልሷል። እንዳይወርድ ዋስትና የለም፤ ይህን እሷም ታውቃለች።

ከጉዞው የተማርኩትን ለመናገር የሚያስችለኝ ያለፈው ሳምንት ነገር ነው። አስቴር የምትባል አዲስ የተቀጠረች የባዮሎጂ መምህርት አለች፤ የአንድ ዓመት ልጅ አላት። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ ስለ ሉፕ ጠየቀችኝ፤ ለረጅም ጊዜ እንደያዝኩ ሰምታለች። ድሮ ቢሆን ከአሥሩ ዓመት እጀምር ነበር። ከአራቱ ወር ጀመርኩላት። ደሙን፣ ቁርጠቱን፣ እህቴ ላይ እንደወረደባት፣ ባሏን ሰምተን ቢሆን ቀደም ብለን እናውቅ እንደነበር ነገርኳት። አሥሩን ዓመት ያመጣሁት በመጨረሻ ነው።

ሰኞ ዕለት ክንዷ ላይ ትንሽ ፋሻ አድርጋ መጣች። የሚቀበረውን መርጣለች።

«ሉፑ ይሻል ነበር?» አለችኝ።

«ለእኔ ተስማምቶኛል» አልኳት። ደወሉ ተደወለና ጠመኔያችንን ይዘን ወደየክፍላችን ገባን።